የዊልደቢስት መንጋ አነባበብ፦ ከሴሬንጌቲ ሜዳ እስከ ማራ ወንዝ

ታንዛኒያ ድረስ ሄዶ፣ ሴሬንጌቲ ውስጥ ሦስት ቀን በመኪና ዞሮ፣ በየዓመቱ በትልቅ መንጋ ከሚሰደደው የቆርኬ ዘመድ፣ ከዊልደቢስት፣ በጣት የሚቆጠር ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ሰውየው ወር ቆጥሮ ሄዷል፤ መንጋው ግን ወር አይቆጥርም፣ ሣር ይከተላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝናቡን፣ ቀጥሎ ሣሩን፣ ከዚያ መንጋውን፣ በመጨረሻም አንዱን እንስሳ ተመልከቱ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ቀኑን ሙሉ የሌላ መኪና አቧራ ሲከተል ይውላል።

ከዚህ በታች ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመታቱ ግን እንደ አውሮፓውያን። የሰዓቱ ነገር ለእኛ ቀላል ነው፦ ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ ሹፌሩ ጧት «ሳ ሞጃ» ካለ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ጣጣው ያለው ከሆቴሉ ሰሌዳ ጋር ነው። እዚያ የሚለጠፈው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ «ቁርስ 6 ሰዓት» የሚለው ማለዳ 12 ሰዓት ነው። ማታውኑ አጣሩ፤ መንጋ የሚታየው በማለዳ ነውና።

እንስሳውን መለየት

ዊልደቢስት የቆርኬ የቅርብ ዘመድ ነው። ቆርኬ ያየ ሰው ቅርጹን በግማሽ ያውቀዋል፦ ከትከሻ ከፍ፣ ከዳሌ ዝቅ ያለ ጀርባ፣ ረጅም ፊት፣ ቀጫጭን እግር። የሚለየው ቀንዱ እንደ በሬ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ላይ መታጠፉ፣ ጋማውና ጺሙ፣ አንገቱና ትከሻው ላይ ያሉት ጥቁር ሽንትሮች ናቸው። «ኑ» የሚለው ሌላው ስሙ ከድምፁ የመጣ ነው። ሹፌራችሁ ደግሞ «ኙምቡ» ይለዋል፤ በስዋሂሊ በቅሎም ኙምቡ ስለሆነች ግር አይበላችሁ።

ዝርያው ሁለት ነው። ጥቁሩ ዊልደቢስት በደቡብ አፍሪካ የሚኖር፣ ጅራቱ ነጭ፣ ቀንዱ ወደ ፊት የተቀለበሰ ነው። ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የተሰራጨው ሰማያዊው ሲሆን፣ ሴሬንጌቲ ላይ የሚታየው የእሱ ነጭ ጺም ወገን ነው። ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ሰማያዊነቱ የሚገባችሁ የጧት ፀሐይ ከጎን ስታርፍበት ነው።

ወንዱንና ሴቷን ለመለየት ቀንድ አለ የለም ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ሁለቱም ቀንዳሞች ናቸው። የቀንዱን ሥር ተመልከቱ። የአዋቂ ወንድ ቀንድ ግንባሩ ላይ ወፍሮ ሊገናኝ ይቀርባል፤ የሴቷ ሥሩ ቀጭን፣ መሃሉም ክፍት ነው። የወንዱ አንገት ደንዳና ነው፤ ሴቷ ከትከሻ እስከ ራስ ቀጠን ትላለች። ጥጃ ሲወለድ ፈካ ያለ ቡናማ፣ ፊቱ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ በሁለት ወር ገደማ የእናቱን ቀለም መያዝ ይጀምራል። ቀንዱ በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ እንደ ችንካር ይወጣል፤ ወደ ጎን የሚዘረጋውና ጫፉ የሚታጠፈው ቆይቶ ነው። የቀንዱ ጫፍ ገና ወደ ውስጥ ያልዞረ እንስሳ ካያችሁ የአምናው ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ 8 በ42 የሆነ የርቀት መነጽር ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው መኪና ውስጥ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ገዝቶ ይጸጸትበታል። ካሜራ ያለው ሰው ባቄላ ወይም ሩዝ የተሞላ ትንሽ ከረጢት መስኮቱ ላይ አኑሮ ሌንሱን ያሳርፍበት፤ ሞተሩም ይጥፋ። ሌንስ ሜዳ ላይ አትቀይሩ፤ የዚያ አገር አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ልብስ ካኪ ወይም አመድማ ይሁን፦ ጥቁርና ሰማያዊ የቆላ ዝንብን ይጠራል፣ ጸጸ የሚባለውን ማለት ነው፤ በተለይ ምዕራቡ በኩል ባለው ደን ውስጥ ንክሻው በቀጭን ሸሚዝ ያልፋል። የወባ መከላከያ ሳይጀምሩ መሄድ ቂልነት ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ማለዳው ይበርዳል፤ ክፍት ጣሪያ ባለው መኪና ላይ ጃኬት ያስፈልጋል።

ዝናቡን መከተል

ጠቅላላ ጉዞው የሚገባው አንድ ጥያቄ ሲመለስ ነው። ሰሜኑ ዝናባማ፣ ወንዝ ያለው፣ ሣሩ ረጅም ነው። ደቡቡ ደረቅ፣ ዛፍ የለሽ፣ ሣሩ አጭር ነው። ታዲያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እየተባለ የሚቆጠር እንስሳ ለምን በየዓመቱ ከሰሜን ተነስቶ ደቡብ ይወርዳል?

መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው። የደቡቡን ሜዳ የሸፈነው ከንጎሮንጎሮ ደጋ እሳተ ገሞራዎች የተተፋ አመድ ነው። በዚያ ላይ የሚበቅለው አጭር ሣር በካልሲየምና በፎስፈረስ የበለጸገ ስለሆነ፣ ለምታጠባ እናትና አጥንት ለሚገነባ ጥጃ ከሰሜኑ ረጅም ሣር ይሻላል። አመዱ ወደ ታች ደርቆ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ ሠርቷል፤ የዛፍ ሥር አያልፈውም፣ ሜዳው መላጣ የሆነውም በዚህ ነው። አድፍጦ ለሚመጣ አንበሳ መሸሸጊያ የለም ማለት ነው፤ ለእናቶቹ ሁለተኛ ጥቅም። ችግሩ ዝናቡ ነው፦ ደቡብ ምሥራቁ በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሰሜኑ ደግሞ የዚያን እጥፍ ያገኛል። የዚያ አገር በጋ ሲገባ የደቡቡ ኩሬ መጀመሪያ ጨዋማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይደርቃል። ዊልደቢስት ሣሩ ሲደርቅ በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንዴ ውኃ መጠጣት ስላለበት መቆየት አይችልም። በሰሜን ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ ማራ ነው። ደቡብ ለሣር ጥራት፣ ሰሜን ለነፍስ ማቆያ፤ ዙሩ ይህ ነው፣ ከ800 ኪሎ ሜትር አያንስም።

ወሮቹን እንዲህ ያዟቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መንጋው በደቡቡ ሜዳ፣ በንዱቱና በንጎሮንጎሮ ጥበቃ ክልል ምዕራባዊ ጠርዝ ይሰፍራል። በሚያዝያና በግንቦት፣ ዋናው ዝናብ እየወረደ፣ በሞሩ ድንጋያማ ጉብታዎችና በሴሮኔራ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። በሰኔ ብዙው በምዕራቡ፣ በግሩሜቲ ወንዝ አካባቢ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሰሜኑ ጫፍ፣ በኮጋቴንዴ፣ በላማይና ድንበር ተሻግሮ በኬንያው ማሳይ ማራ ይቆያል። በኅዳር አጭሩ ዝናብ ሲጥል በሎቦና በሎሊዮንዶ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ይህ የተለመደው ነው እንጂ ውል አይደለም። ዝናብ ሁለት ሳምንት ከዘገየ መንጋውም ይዘገያል፤ ባልታሰበ ቦታ ከጣለም ወደዚያው ይመለሳል፣ የመጣበትን መንገድ ሳይቀር።

ስለዚህ አራት ሌሊት ካላችሁ በአራት ካምፕ አትበትኗቸው። በአንድ ቀጠና ቆዩ፤ መንጋው በአንድ ቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ እንኳ በመኪና ይደረስበታል። በመግቢያው ዕለት ሹፌሩን «መንጋው የት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ትናንት እዚያ ነበር» ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው፤ የእናንተ ቀን ግን ነገ ነው። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መጨረሻ የዘነበው የት ነው? ስንት ቀን ሆነው? ሰልፉ ትናንት ማታ ፊቱን ወዴት አድርጎ ነበር? ዝናብ በጣለበት ሜዳ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አረንጓዴ ቡቃያ ይታያል። የዊልደቢስት አፍ ሰፊ፣ የታችኛው የፊት ጥርሱ ሰልፍም ሰፊ ስለሆነ፣ ተስማሚው ሣር ከጣት ርዝመት ብዙ የማያልፍ ለጋ ሣር ነው። ጉልበት የሚደርስ ሣር ውስጥ ቆሞ ሲግጥ ካያችሁት አማራጭ አጥቶ ነው፤ እዚያ ብዙ አይሰነብትም።

መሬቱም ይናገራል። እንደ መጥረጊያ የተከረከመ ሣር መንጋ ያለፈበት ነው። በጠጡ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዛሬ ነው፤ ላዩ ከደረቀ ሰዓታት አልፈዋል። ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን የእግር መንገዶች የጉዞ ሰልፍ ናቸው፦ ዊልደቢስት ሲጓዝ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋል፣ በፊት ሰኮናው መሃል ያለ ዕጢም ለኋለኛው ሽታ ይተውለታል። የግጦሽ መንጋ ግን በሜዳው ላይ ይበተናል። ሰልፍ ካያችሁ አትከተሉት፤ ወደሚያመራበት ቀድማችሁ ሄዳችሁ፣ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ፣ ነፋሱን አስተውላችሁ ጠብቁት። ከሰልፉ ጋር የሜዳ አህያ ተቀላቅሎ ከሆነ አትገረሙ፤ የሜዳ አህያ ጠንካራውን የሣር አናት ስለሚግጥ ለዊልደቢስት የታችኛውን ቅጠል ይተውለታል፣ የቶምሰን ጋዜል ደግሞ ከሁለቱ በኋላ የቀረውን ለጋ ይለቅማል።

የጥጃ ወቅት

ምርጫ ካላችሁ መንጋው ማራ ወንዝን ሲሻገር ለማየት መሄዱን ተዉና በየካቲት ሂዱ። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ለወንዙ ይቆጥባል፤ የእንስሳውን ኑሮ የሚያስረዳው ግን ይህ ወቅት ነው።

ሴቷ ስምንት ወር ከሩብ ያህል አርግዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ይወለዳል፤ የሚበዛው ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተጨናንቆ ነው፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል። እንዲህ በአንድ ጊዜ መውለዳቸው ዋናው መከላከያቸው ነው። ጅብም አንበሳም በቀን የሚበላው የተወሰነ ነው፤ ጥጃው በሺህ ሲፈስበት አብዛኛው ይተርፋል። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተወለደ፣ እንዲሁም ትንሽ መንጋ ውስጥ የተወለደ፣ ለብቻው ስለሚታይ ይበላል።

ለማየት ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜዳው ላይ ሁኑ፤ ብዙው የሚወለደው ከቀትር በፊት ነው። መላውን መንጋ አትቃኙ። ብትንትን ብለው የቆሙ፣ ሆዳቸው የወረደ፣ ጅራታቸውን የሚያነሱ ሴቶች የተሰበሰቡበትን ፈልጉ። ሌላው ጠቋሚ ጥንብ አንሳ ነው፦ ሬሳ በሌለበት መሬት ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ጥንብ አንሳዎችና ቀበሮዎች ካሉ የእንግዴ ልጅ እየጠበቁ ነው። የምታምጥ ሴት ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ትዞራለች፤ መጀመሪያ የሚታየው ሁለቱ የፊት ሰኮናዎች ናቸው። ምጡ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰኮናው እንደታየ መኪናው ይጠጋል፣ እሷም ተነስታ ትሮጣለች። የጥጃው ራስ እስካልወጣ ድረስ እናቲቱ ምጡን ማቋረጥ ትችላለች፤ ያቋረጠችውን ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ጅብ ባለበት ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ከ50 ሜትር አትቅረቡ፣ ሞተር አጥፉ፣ ጥጃው ቆሞ እስኪጠባ ድረስም አታስነሱ። ብዙ አትጠብቁም፦ ጥጃው በአማካይ በሰባት ደቂቃ ገደማ ይቆማል፣ ወዲያውም ይሮጣል። በማግስቱ ከመንጋው ጋር እኩል ይጓዛል።

ጥጃው ከቆመ በኋላ የሚያደርገው ነገር መታወቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚከተለው አጠገቡ የሚንቀሳቀሰውን ማንኛውንም ትልቅ ነገር ነው። መንጋ ሲደነግጥ ከእናቱ የተለየ ጥጃ ወደ መኪና ይመጣል፣ አንዳንዴ ወደ ጅብም ይሄዳል። ወደ እናንተ ከመጣ ሞተሩን አጥፉና ዝም በሉ። መኪናው ከተንቀሳቀሰ ይከተላል፣ ከእናቱም ይርቃል። እናት ልጇን በማሽተት ታውቀዋለች፤ ሌላ ሴት ደግሞ አታጠባውም፣ ቀንድ ታሳየዋለች እንጂ። መኪና ውስጥ አስገብቶ «ማዳን» ወንጀልም ከንቱም ነው።

በዚህ ወቅት በንጎሮንጎሮ በኩል አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፦ ሣሩ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ በሆነበት ጊዜ የማሳይ አርብቶ አደሮች ከብት ሜዳው ላይ የለም። ከብቱን የሚያርቁት የዊልደቢስት ጥጆች የሚያሠራጩት ቫይረስ ስላለ ነው። ዊልደቢስቱን አያሳምመውም፤ ላምን ግን በትኩሳትና በዓይን መደብዘዝ ይገድላል። ሰውን አይይዝም። የከብት ርቢ ላይ የሚሠራ አንባቢ ካለ፣ የዱር እንስሳና የከብት ግጦሽን በወቅት መለየት ምን እንደሚመስል እዚያ በዓይኑ ያያል።

ከመንገድ መውጣት በሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ክልክል ነው፤ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። ንዱቱ ግን ግማሽ ጎኑ በንጎሮንጎሮ አስተዳደር ሥር ስለሆነ ደንቡ ይለያያል። የት እንዳላችሁ ሹፌሩን ጠይቁ፤ «ሌሎቹም ወጥተዋል» የሚለው መልስ መልስ አይደለም።

ስሪያ

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መንጋው ወደ ምዕራብ እየተጓዘ ሳለ ኮርማዎቹ ባሉበት የየራሳቸውን ግዛት ይይዛሉ። ቋሚ ግዛት አይደለም፤ መንጋው ካለፈ ግዛቱም ያልፋል። ኮርማውን ለማወቅ ቀላል ነው፦ ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ እሱ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ የራሱ እበት ባለበት መላጣ መሬት ላይ ይቆማል። እዚያው ይንከባለላል፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬቱን በቀንዱ ይጭራል፣ ሌሊቱንም ሳይቀር ያጉረመርማል።

የሚያሳስተው የጎረቤታሞች ፀብ ነው። ሁለት ኮርማ ተቀራርበው ሲሸታተቱ፣ ሲግጡ የሚመስሉ ሆነው፣ ተንበርክከው ሲነሱ ብታዩ ሰላም የሆነ ይመስላል፤ በየቀኑ የሚደረግ የወሰን ማጣራት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተንበርክከው ግንባር ለግንባር ከገጠሙ ነገሩ ከሯል። ፎቶ ለማንሳት አንዱን ኮርማ መርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩበት። ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጥ ጀርባ ብቻ ያሳያል።

ማራ ወንዝ ላይ መጠበቅ

መሻገር አንድ ቀን የሚሆን ነገር ይመስለናል። እንስሳው ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አንዱን ወንዝ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ይሻገራል፣ ዝናቡ በየትኛው ዳር እንደጣለ እያየ። ስለዚህ «አለፈኝ» ብሎ መቆጨትም፣ «ዛሬ የግድ» ማለትም አያስፈልግም። ሦስት ሙሉ ቀን ለወንዙ ብቻ ስጡ።

ሊሻገር ሲል የሚታየው እንዲህ ነው። ሰልፉ ከሜዳው መጥቶ ዳሩ ላይ ይጠራቀማል፤ የኋላው እየገፋ፣ የፊቱ እየፈራ። ጥቂቶች ወደ ውኃው ወርደው ጠጥተው ይመለሳሉ። ድምፁ ይጨምራል። አቧራው ከፍ ይላል። አንዱ በድንገት ደንግጦ ይመለሳል፣ ሁሉም ይከተለዋል፣ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ይህ አምስት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ አምስቱም ጊዜ መኪናውን የሚያስነሳ ሰው ስድስተኛውን አያየውም። ብዙ ጊዜ የሜዳ አህያ ቀድሞ ይገባል። አንዱ ውኃው ውስጥ ገብቶ ካልተመለሰ የቀረው እንደ ጎርፍ ይከተላል።

መኪና የት ይቁም? ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ የሚወርዱበትንም የሚወጡበትንም አትዝጉ። ከዳሩ ቢያንስ 200 ሜትር ርቃችሁ፣ ቢቻል ከቁጥቋጦ ጀርባ፣ ቁሙ። መጀመሪያዎቹ እንስሳት ዋኝተው መሃል ሲደርሱ ብቻ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ፤ ከዚያ በኋላ አይመለሱም። ከመኪና አትውረዱ፣ ጣሪያ ላይም አትውጡ፤ ከሰማይ ጋር የሚታይ የሰው ቅርጽ መንጋውን ያስመልሰዋል። መውረድ የተከለከለ ነው፣ ቢፈቀድም ሞኝነት ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው ሣር አንበሳ ያደፍጥበታል። መውጫው በመኪና ሲዘጋ ደግሞ የዋኘው እንስሳ ወደ ገደላማው ዳር ይዞራል፤ ገደሉ ላይ ይደራረባል፣ የታችኛው ይታፈናል። ከአዞ በላይ የሚገድለው ይህ መደራረብና መስጠም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2015 የተሰበሰበው መረጃ እንዳሳየው በአማካይ በዓመት 6,250 ገደማ ዊልደቢስት ማራ ውስጥ ይሰጥማል። ሥጋውን ዓሣ፣ አዞና ጥንብ አንሳ ይጨርሰዋል፤ አጥንቱ ግን ሙሉ በሙሉ ለመበስበስ ሰባት ዓመት ያህል እየፈጀ ፎስፈረሱን በቀስታ ለወንዙ ይለቃል። ወንዙ ዳር የሚሸተው ሽታ የማይመቸው ሰው መሐረብ ይያዝ።

መቁጠር

ሰው ሁሉ ከተራራ ላይ ሆኖ «ሚሊዮን ነው!» ይላል። በዓይን የታየ መንጋ ቁጥር እንዲህ ይገመታል። አንድ ጥግ ላይ 50 እንስሳ አንድ በአንድ ቁጠሩ። የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ እንደ ቁና ያዙት። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ያንን ቁና እየሰፈራችሁ ሂዱ። ሦስት ጊዜ ደግሙና የመሃለኛውን ውሰዱ። ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ላይ ቁናው ጠባብ፣ በተበተነ ቦታ ሰፊ መሆን አለበት፤ ይህን የረሳ ቁጥሩን ያዛባል። ስህተቱ በአብዛኛው ወደ ታች ነው፣ ከፊት ያለው የኋላውን ይሸፍናልና። ለንጽጽር የሚጠቅመው ከጠቅላላው ይልቅ በ100 ሴት ስንት ጥጃ እንዳለ መመዝገብ ነው፤ ይህን ጀማሪም በትክክል መሥራት ይችላል።

አዋቂም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ በርንሃርት ግርዚመክና ልጁ ሚካኤል በትንሽ አውሮፕላን ሜዳውን ዞረው በዓይን ሲቆጥሩ ያገኙት 99 ሺህ ገደማ ዊልደቢስት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በፎቶ የተደገፈ ቆጠራ 263 ሺህ አገኘ። ከዚያ ቁጥሩ በእውነት አደገ፦ በ1970ዎቹ መጨረሻ 1.4 ሚሊዮን ደረሰ፣ ለዓመታትም 1.3 ሚሊዮን ሲባል ቆየ። በ2025 የወጣ የሳተላይት ምስል ቆጠራ ግን ከ600 ሺህ በታች ነው ያገኘው። ክርክሩ ቀጥሏል፤ የጉዞ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ሃይማኖት አትያዙት።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ለምን አደገ? የከብት ክትባት ነው። ገበሬው «ደስታ» የሚለው ሪንደርፔስት በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ ገብቶ፣ እኛ ዘንድ ክፉ ቀንን ካመጣ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ ሴሬንጌቲም ደረሰ። በየዓመቱ የዊልደቢስት ጥጃ ይፈጅ ነበር። የአካባቢው ከብት ሲከተብ በሽታው ከዱር እንስሳውም ጠፋ፤ ዊልደቢስቱ አልተከተበም። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ረሃብን ማንበብ

መንጋውን የሚገድለው በዋናነት አንበሳ ይመስለናል። ተመራማሪዎቹ ሳይመን ምዱማ፣ አንቶኒ ሲንክሌርና ሬይ ሂልቦርን በ1999 ያወጡት የ40 ዓመት መረጃ ያሳየው ግን ቁጥሩን የሚወስነው የበጋው ሣር መጠን መሆኑን ነው። ይህን በአጥንት መቅኒ ያውቁታል፦ የጠገበ እንስሳ መቅኒ ነጭና እንደ ሻማ ጠጣር ነው፤ በረሃብ ያለቀው ቀይና እንደ ጄሊ የሚርገበገብ። ያንን የሚሰብሩት ተመራማሪዎች ናቸው፣ እናንተ ሬሳ አትንኩ።

እናንተ ከመኪናው ሆናችሁ የምትመለከቱት ዳሌውን ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከኋላ በኩል እዩ፦ የዳሌው አጥንት ሁለት ጥግ ሠርቶ ከወጣ፣ በጅራቱ ግራና ቀኝ ጉድጓድ ከታየ፣ ጎድኑም ከሩቅ ከተቆጠረ ከስቷል። ሃያ ሴት መርጣችሁ ስንቱ እንደዚያ እንደሆኑ ጻፉ። ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቀንቅ፣ የሚያስነጥስ ካገኛችሁ ግን ከረሃብ ጋር አታምታቱት፤ አፍንጫው ውስጥ የዝንብ እጭ አለ። ከሃያው ግማሹ ከከሳ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩልም ማታ ማታ መብረቅ ከታየ፣ ማራ ላይ መቆየቱን ትታችሁ በማግስቱ የሎቦን መንገድ ያዙ።